ሦስቱ ቴስተሮችና ያልተሠራው ደወል

ሬዲዮ ጠጋኙ ዕድሜውን ሙሉ አንድ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ብቻውን አምኖ አያውቅም። ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ ሦስት ዓይነት ቴስተር ተሰቅሏል፤ አንዱ መርፌ ያለው አሮጌ፣ አንዱ ቁጥር የሚያሳይ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለት ብልሽት ዕቃ ራሱ አጋብቶ ያስወለደው። ማንኛውንም ነገር በሦስቱም ሳይለካ አይፈርድም። «አንዱ ቢዋሸኝ ሁለቱ ያጋልጡታል» ይላል። የቸኮለ ደንበኛ ሲነጫነጭበት፣ «ከቸኮልክ ጆሮህን እዚህ አስቀምጠህ ሂድ፤ ሬዲዮው ማውራት ሲጀምር ሁለቱን አንድ ላይ እልክልሃለሁ» ይለዋል።

ሱቁ የመኖሪያ ቤቱ የፊት ክፍል ነው። አንደኛውን ግድግዳ ከታች እስከ ላይ ትንንሽ መሳቢያዎች ሞልተውታል። መሳቢያዎቹ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች እያንዳንዳቸው እግራቸው ላይ ቁራጭ ክር ታስሮባቸዋል። ትራንዚስተር ማለት ሦስት እግር ያላት፣ የጥፍር ግማሽ የምታህል ዕቃ ናት፤ በአንዱ እግሯ የሚገባው ትንሽ ኤሌክትሪክ በሌሎቹ በኩል የሚያልፈውን ብዙ ኤሌክትሪክ ያዝዘዋል። ሬዲዮ ጠጋኙ እያንዳንዷን ይለካና ብርቱዋን በቀይ ክር፣ ሰነፏን በሰማያዊ፣ መካከለኛዋን በነጭ ያስራታል። ክሩ ከሚስቱ የስፌት ማሽን ሥር የተለቀመ ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከኋላ ክፍል ማሽኗን ስታስነሳ ቤቱ ወፍጮ ቤት ይመስላል። የግቢው በር ሲንኳኳ እሷም አትሰማ፣ ባሏም በሬዲዮ ጩኸት መሃል ተቀምጦ አይሰማ፤ ደንበኛ አንኳኩቶ አንኳኩቶ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። በማሽኑ ጩኸት መካከል ሾልኮ የሚሰማ ደወል ሊሠራላት ቃል የገባው ልጃቸው ገና ዳዴ ስትል ነበር።

«ደወሉ እንዴት ሆነ?» ትለዋለች አልፎ አልፎ፣ ምሳ ስታቀርብ።

«እየታሰበበት ነው።»

ጎረቤት አንድ ቀን ከሱቅ ገዝታ እንድትገላገል ቢመክራት፣ «የሬዲዮ ጠጋኝ ሚስት ደወል ገዛች ከሚባልስ ሰውየውን ሸጬ ውሻ ባሳድግ ይሻለኛል» አለች። ሰውየውም ከጠረጴዛው ሳይነሳ፣ «ውሻው ደግሞ ልብስሽን ይበላል» ብሎ መለሰ።

ግን በእውነትም ይታሰብበት ነበር። ደወሉ ተሠርቶ ያለቀው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ሁለት ትራንዚስተሮች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዷ ስትነቃ ሌላዋን ታስተኛለች፤ የተኛችው ጥቂት ቆይታ ትነቃና ያስተኛቻትን በተራዋ ታስተኛለች። ይህ መመላለስ እጅግ ሲፈጥን ጆሮ «ድምፅ ነው» ይለዋል። ሌላ ጥንድ ደግሞ በዝግታ እየተመላለሰ ያን ድምፅ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን የሰው ሬዲዮ ሁልጊዜ ስለሚቀድም የራሱ ቤት ደወል ከዓመት ዓመት ሲገፋ ኖረ።

ከዚያ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ማታ ማታ ሲደክመው ነበር፤ በኋላ ጠዋትም ሆነ። አንድ ቀን መበየጃ ካውያውን ይዞ ሲጎነበስ የቀለጠው እርሳስ ከቦታው ስቶ የአንድ የቆየ ደንበኛውን ሬዲዮ ሆድ አቃጠለው። ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለ፣ ሽቦውን ጠቀለለ፣ መሳቢያ ውስጥ አስገባው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን ኪሱ ውስጥ ማኖር ለመደ። ደንበኛ ሲመጣ «ቆሟል» ይላል፤ ምን እንደቆመ አይናገርም።

በመጨረሻ የቀድሞ ተማሪውን አስጠራ። ይህ ተማሪ ሥራ ሲማር ባቃጠለው ፊውዝ ብዛት ፊውዝ የሚባል ስም ወጥቶለት፣ ዛሬ በዋናው መንገድ ላይ የራሱ ሱቅ ያለው ትልቅ ሰው ሆኖም ስሙ አልለቀቀውም። «ቅዳሜ ጠዋት ጋሪ ይዘህ ና» አለው። «መሳቢያዎቹንም፣ ካውያውንም፣ ሁሉንም ውሰድ። እዚህ አቧራ ከሚጠጡ አንተ ጋ ይናገሩ።» ፊውዝ፣ «ጋሼ፣ ኧረ ይቆይ» ብሎ ሊከራከር ቢሞክር፣ «ቅዳሜ» አለው።

ይህን ሁሉ ስታይና ስትሰማ የሰነበተችው ልጃቸው ናት። እሷ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍሉን ትጠብቃለች፤ ፕሮግራም ትጭናለች፣ የተበላሸውን ትጠግናለች። ማንም ሰው መጥቶ «አለቀ?» ሲላት መልሷ «እየመጣ ነው» ስለሆነ በትምህርት ቤቱ ስሟን የሚያውቅ የለም። ዳይሬክተሩ ሳይቀሩ «እስቲ እየመጣ ነውን ጥሯት» ይላሉ።

በዚያ ሳምንት መጀመሪያ ላይ ከሥራ ስትመለስ አባቷን ባዶ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጦ አገኘችው። የበራ ሬዲዮ የለም። ከምንም በላይ ያስፈራት ይህ ዝምታ ነው።

«አባዬ፣ ደወሉን ሳትበይደው ብታየውስ?»

«በህልሜ?»

«በኮምፒውተር። አንተ ሰርኪዩቱን ትነግረኛለህ፣ እኔ እጽፈዋለሁ። ፕሮግራሙ ኤሌክትሪኩ በየሽቦው ምን እንደሚያደርግ አስልቶ ይነግረናል። ሰርኪዩት አስመሳይ ይባላል።»

«አስመሳይ!» አለ አባቷ፣ ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ስሙ ራሱ እየተናዘዘ እኔን እመነው ትይኛለሽ?»

«አስመሳይማ ከአንተ ደወል ጋር ይስማማል!» አለች እናቷ ከኋላ ክፍል። ማሽኗ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

አባቷ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት ቴስተሮች ቀና አለ። ሲያያቸው ቆይቶ፣ «በስንት ማሽን ትለኪልኛለሽ?» አላት።

«በስንት ትፈልጋለህ?»

«ታውቂያለሽ። ደግሞ ሦስት መንታ ኮምፒውተር እንዳታመጪብኝ። ጠባያቸው የማይመሳሰል፣ ተማክረው ሊዋሹኝ የማይችሉ። ሦስቱም ደወሉ ይጮኻል ካሉ መሳቢያዎቹ ካሉበት አይነሱም፤ ፊውዝ ጋሪውን ባዶውን ይመልስ። ዝም ካለ ግን ልጄ፣ እኔም ዝም እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ሱቅ እንዳታነሺብኝ።»

እሷም ቃል ገባች። በዚያው ምሽት ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ሰርኪዩት ሽቦ በሽቦ ነገራት፤ አንድም ቦታ ሳይደናቀፍ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

አስመሳዩ ፕሮግራም ተዘጋጅቶ የሚገኝ ነበር፤ ያ ግን እሷ ላሰበቻቸው ማሽኖች ለአንዱ አርጅቷል፣ ለሌላው ጭራሽ የለም። ስለዚህ ምንጩን ራሱን አወረደች። የማንኛውም ፕሮግራም ምንጭ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ነው፤ ማሽን እንዲገባው ወደ ማሽን ቋንቋ መመለስ አለበት፤ ይህን መመለስ ኮምፓይል ማድረግ ይሉታል። ብዙ ሰዎች ምንጫቸውን ቆልፈው ይይዛሉ። የዚህኛው ግን ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ይወስደዋል፣ ያሻሽለዋል።

ጽሑፉን ስትከፍተው ደነገጠች። ከፋይል ሥር ፋይል፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ሌላ፤ ታችኛው ጫፍ አይታይም። አንዳንዱ ክፍል እሷ ከመወለዷ በፊት የተጻፈ ነው። በመሃል በመሃሉ የጻፉት ሰዎች እርስ በርስ የተጻጻፏቸው ማስታወሻዎች አሉ። አንዱ፣ «ይህ ስሌት ለምን እንደሚሠራ አልገባኝም፤ አትንኩት» ብሏል። ከሥሩ ሌላ ሰው፣ ምናልባት በሌላ አገር፣ «እኔም አልገባኝም። አልነካሁትም» ብሎ ጽፏል። ከሱም ሥር ሦስተኛው፣ «ገባኝ። ግን ማስረዳቱ ከስሌቱ ይረዝማል» ይላል። ብቻዋን ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። እነዚህ ሦስት ሰዎች ተያይተው ላያውቁ ይችላሉ። አንዳቸውም ስለዚህ ግቢ በር አልሰሙም። ትራንዚስተር እንዴት እንደምትነቃና እንደምትተኛ ግን አንዱ ለሌላው እየተወለት፣ አሁን እሷ ጠረጴዛ ላይ ደርሷል። ማን ጠራቸው? ማንስ አመሰገናቸው?

የመጀመሪያው ማሽን ሱቁ ጥግ ላይ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ሌላ ነገር ሲከብደው ሊኑክስ የሚባለውን ቀለል ያለ ሥርዓት ጭናለት ነው ነፍስ የዘራው። ሥራው የሚጀምረው በምርመራ ነው፤ ፕሮግራሙ ማሽኑን መስመር በመስመር ይጠይቃል፤ ተርጓሚ አለህ? አለ። የሂሳብ መሣሪያ አለህ? አለ። ልክ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ። ምርመራው አለቀና መተርጎም ሊጀምር ሲል ተመልሶ ምርመራ ገባ። ጨረሰ፤ እንደገና ጀመረ። ደግሞ እንደገና።

«እየመጣ ነው?» አለ አባቷ በሹፈት።

«እየተመለሰ ነው» አለች።

መስመሮቹን አንድ በአንድ ስታይ ምክንያቱን አገኘችው። ኮምፒውተሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳል፤ ቀን የምትጠብቅለት እንደ ሳንቲም ያለች ባትሪ ሞታለች። ስለዚህ እሱ የሚኖረው በተሠራበት ዓመት ውስጥ ነው፤ እሷ ገና የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ የነበረችበት ዓመት። የትኛው ፋይል ከየትኛው በኋላ እንደተጻፈ የሚያውቀው ቀናቸውን እያየ ስለሆነ፣ የተሰጡት ፋይሎች በሙሉ ገና ባልመጣ ዘመን የተጻፉ ሆኑበት። ከነገ የመጣ ወረቀት ቢሰጠው ማን አምኖ ይሠራበታል? እየመረመረ፣ እየተጠራጠረ፣ መልሶ እየመረመረ ነበር።

ነገሩን ለአባቷ ስትነግረው ተነስቶ መጣ። ኮምፒውተሩን ከፍተው ሆዱን ተመለከቱ። «ምስኪን» አለው። «እዚያ ዓመት ላይ ብቻህን ቀርተህ።» ከሚስቱ አሮጌ ሚዛን ውስጥ ተመሳሳይ ባትሪ አወጣና ሊያስገባ ጎነበሰ። ባትሪዋ ከጣቶቹ መሃል እየተንቀጠቀጠች ቦታዋን ሳተች፣ ወደቀች። አነሳት። እንደገና ወደቀች። እሷ ተቀብላ አስገባቻት፤ እሱ እጁን ወደ ኪሱ መለሰ።

ቀኑ ሲስተካከል ትርጉሙ ወረደ። መስመር በመስመር፣ ማቆሚያ የሌለው፣ ዝናብ መስኮት ላይ እንደሚወርድ። አባቷ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና እስኪያልቅ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም። «ይሄ ሁሉ የሰው ጽሑፍ ነው?» አላት አንድ ጊዜ። «የሰው ነው» አለችው። ከፕሮግራሙ ጋር የመጣውን የሙከራ ሰርኪዩት ስታስነሳው አረንጓዴ ማዕበል ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ፤ ለስላሳ፣ የተስተካከለ። አባቷ የሚያውቀውን ማዕበል ነው ያየው፤ ግን ሽቦ የለም፣ ሙቀት የለም፣ የቀለጠ እርሳስ ሽታ የለም። «ከየት ነው የሚመጣው?» አለ በቀስታ።

የእሱን ደወል ያስነሳችው እሱ ለእራት ከገባ በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ቁልፉ ሲጫን ኤሌክትሪኩ ከዜሮ ይነሳል። መስመሩ ብድግ አለና ቀጥ ብሎ ቀረ። ማዕበል የለም። እንደ ተወጠረ ገመድ፣ እስከ ስክሪኑ ጫፍ ድረስ ቀጥ ያለ። ቁጥሮቹን ወደ ድምፅ ቀይራ ብትሰማቸው ዝምታ ነው። ከዚያ የአባቷን ነገር አስታወሰች፤ አንዱ ሊዋሽ ይችላል። ሦስቱም ሳይለኩ ፍርድ የለም ብላ ስክሪኑን አጠፋችው፤ ለማንም አልተናገረችም።

ሁለተኛው ማሽን የትምህርት ቤቱ ነበር፣ ዊንዶውስ የሚሠራበት። እዚያ ምንጩ እንዳለ አይገባም፤ መጀመሪያ ለእንግዳው የራሱን አገር የሚመስል ማረፊያ ክፍል ማዘጋጀት፣ ከዚያ እዚያ ውስጥ መተርጎም ያስፈልጋል። ከሥራ በኋላ ቆይታ ይህን ሁሉ አደረገች። ትርጉሙ አለቀ። ፕሮግራሙን ልታስነሳ ብትፈልገው የለም። እንደገና ተረጎመችው፤ ተወለደ፣ ጠፋ። የማሽኑ ጸረ ቫይረስ ነው የወሰደው። ከዚህ በፊት በዓለም ላይ አይቶት የማያውቀው፣ ከደቂቃ በፊት የተሠራ ነገር ስለሆነ ሌባ ነው ብሎ አሰረው። ክፍሉን ሊቆልፍ የመጣው ጥበቃ ከኋላዋ ቆሞ ጉዳዩን ሲሰማ፣ «እውነቱን ነው፤ መታወቂያ የሌለውን እኔም አላስገባም» አለ።

«አሁን የተወለደ ነው እኮ፣ መታወቂያ ከየት ያመጣል?»

«እናቱ ትፈርምለታ!»

ፈረመችለት። ጸረ ቫይረሱ ለቀቀው፤ ደወሉን አስነሳችው። ያው ቀጥ ያለ መስመር። ቁጥሮቹን ከቤቱ ኮምፒውተር ቁጥሮች ጋር አነጻጸረቻቸው፤ እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ ናቸው። ሁለት ማሽኖች፣ በተለያዩ ሰዎች የተሠሩ፣ ቋንቋቸው የማይገናኝ፤ አንዱ ሱቅ ጥግ አቧራ ለብሶ፣ ሌላው ትምህርት ቤት ውስጥ፤ ስለማያውቁት ደወል ያለ አንዲት ልዩነት ተስማሙ። በሌላ ቀን ቢሆን በደስታ ትዘል ነበር። ያን ቀን ግን ማሽኑን አጥፍታ ወጣች።

ሦስተኛው የአክስቷ ማክ ነው። አክስቷ ፎቶ ቤት አላት፤ ላፕቶፑን የምትይዘው እንደ አራስ ልጅ ነው።

«ምንድን ነው የምታደርጊበት?»

«አንድ ፕሮግራም እጭንበታለሁ፤ ስጨርስ አጠፋዋለሁ።»

«የሙሽሮቹ ፎቶ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። አንዷን ሙሽራ ብታጠፊብኝ አንቺን ነጭ አልብሼ አነሳሻለሁ፣ ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ፣ አክስቴ።»

ማኩ ደግሞ ከሚያስፈልጉት ረዳት መሣሪያዎች አንዱ አርጅቶበት አዲሱን ምንጭ ማንበብ አቃተው። አዲሱን አምጥታ አሮጌው ሳይነካ አጠገቡ አስቀመጠችና የትኛውን እንዲጠቀም ነገረችው። አክስቷ ሙሽራ ለማሳመር ወጥታ እስክትመለስ ድረስ ትርጉሙ አለቀ። ልጅቷ ትእዛዙን ከመጫኗ በፊት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ ጫነችው።

ቀጥ ያለ መስመር።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ ተላጭቶ ጠበቃት። ፊቷን ሲያይ ገና ሳትናገር አወቀ።

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም፣ አባዬ። ቁልፉ ሲጫን ይነሳል፤ ከዚያ ዝም ነው።»

«ተለያይተዋል?»

«በአንዲት አሃዝ እንኳ አልተለያዩም።»

ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። ወንበር ላይ ወጥቶ በግራ እጁ መርፌ ያለውን ቴስተር ከግድግዳው አወረደ፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ግድግዳው ላይ የቴስተሮቹ ቅርጽ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ከኋላ ክፍል ስፌት ማሽኑ ይጮኻል። ልጅቷ መሳቢያዎቹን በገመድ ለማሰር ተንበረከከች፤ ገመዱን ስታዞር አንዱ መሳቢያ ተንሸራተተና ከነክሮቻቸው የተኙትን ትራንዚስተሮች አሳየ። አባቷ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ወደ ታች አየ፤ እንዲሁ፣ ሥራ እንደለመደ ሰው፣ ጠየቃት፦

«የትኛውን ክር ነበር ያስገባሽው?»

«ምን?»

«ደወሉ ውስጥ። ቀይ ነው ነጭ?»

«ክር የላቸውም፣ አባዬ። ትራንዚስተር ምን እንደሆነች የሚገልጽ አንድ ጽሑፍ አለ፤ እሱን ነው አራቱም ቦታ የጠራሁት።»

አባቷ ሦስተኛውን ቴስተር እንደያዘ ቆመ።

«አንዷን ትራንዚስተር አራት ቦታ?»

«አንድ ዓይነት አራት።»

«ምን ያህል አንድ ዓይነት?»

«ልዩነት የላቸውም። ምንም።»

ከወንበሩ ወርዶ ተቀመጠበት። «እኔ በዕድሜዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሁለት እኩል ትራንዚስተር አይቼ አላውቅም። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ካርቶን፣ ጎን ለጎን ተኝተው የመጡትም አይተካከሉም። አንዷ የፀጉር ያህል ትቀድማለች፤ ቀድማ ትነቃና ሌላዋን ታስተኛለች፤ ደወሉ የሚነሳው እኮ በዚያች ነው። አንቺ የሠራሽው ግን...» ስክሪኑን ጠቆመ። «ሁለቱ ተፋጠው ቆመዋል። ማን ይቅደም? እኩል ናቸው። እስከ ዘላለም ቢቆሙ ማንም አይቀድምም።»

ያን ጊዜ ልጅቷ ገባት። ሦስቱ ማሽኖች አልዋሹም ነበር። ያልዋሹት ግን እንከን ስለሌለበት ዓለም ነው፤ ሁሉ ነገር ልክ በልክ ስለሆነ ምንም ስለማይጀመርበት ዓለም። እሷ ናት በጥንቃቄ፣ በንጽሕና፣ እንዲህ አድርጋ የጻፈችው።

«ገመዱን ፍቺው» አላት።

ከመሳቢያው አራት ትራንዚስተሮች አወጡ፤ ባለ ቀይ ክር፣ ባለ ሰማያዊ፣ ሁለት ባለ ነጭ። ያወረዳቸውን ቴስተሮች ጠረጴዛው ላይ ደረደረና እያንዳንዷን በሦስቱም ለካ። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ የቴስተሩ ጫፎች ከትራንዚስተሯ እግሮች እየሳቱ ደጋግሞ ሞከረ። ይህን ጊዜ ኪሱን አላሰበውም። ቁጥሩን ሲነግራት ሰርኪዩቱ ላይ በየቦታዋ ታስገባለች፤ የቀሩትን ዕቃዎች፣ ሬዚስተሮቹንም ካፓሲተሮቹንም እንዲሁ። አሁን ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ደወል ጠረጴዛው ላይ ከተኙት ዕቃዎች የተሠራ ነው፤ ከእነሱ ከራሳቸው።

ትእዛዙን ጫነችው። መስመሩ እንደ በፊቱ ብድግ አለ፤ ቀጥ አለ። ከዚያ፣ መጀመሪያ ዓይን በማይለየው ልክ፣ መስመሩ ተንቀጠቀጠ። መንቀጥቀጡ ሰፋ፤ ሰፋና ማዕበል ሆነ፣ ማዕበሉም ሙሉ ስክሪኑን ያዘው። አባቷ ስክሪኑን አየ፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን የራሱን እጅ አየ፤ እዚያው ተወው።

«ድምፁስ?» አለ በሹክሹክታ።

ቁጥሮቹን ወደ ድምፅ ለወጠችና የሱቁን ትልቁን ድምፅ ማጉያ ሰካችበት። የትም ቦታ ያልተበየደ፣ በሕይወቱ አንዲት ጠብታ ኤሌክትሪክ ያልጠጣ ደወል ቤቱን ሞላው፤ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ፣ ቀጭንና ጠንካራ፤ ግድግዳ አልፎ በስፌት ማሽኑ ጩኸት መሃል ሰንጥቆ ገባ። አባትና ልጅ ሳይተያዩ አዳመጡ።

የስፌት ማሽኑ ቆመ።

«ማነው?» አለች እናት ከኋላ ክፍል። «መጣሁ! መጣሁ!»

የነጠላ ጫማዋ ድምፅ በኮሪደሩ አለፈ፣ ግቢውን ተሻገረ፣ የግቢው በር ሲጥጥ አለ። በር ላይ ፊውዝ ጋሪውን ግድግዳ ላይ እያስጠጋ ነበር፤ ለማንኳኳት እጁን እንኳ ገና አላነሳም።

«አንተ ነህ የደወልከው?»

«እትዬ፣ ገና መድረሴ ነው። ግን የሚያምር ደወል አስገብታችኋል፤ እስከ መንገዱ ይሰማል። የት ነው ቁልፉ?» አለና በሩን ግራና ቀኝ ይዳስስ ጀመር።

እናትም በሩን አየችው። ቁልፍ የለም፣ ሽቦ የለም። ተያይዘው ሱቁ ውስጥ ገቡ። ባሏ ከልጁ ጋር በአንድ ወንበር ጫፍ ተቀምጦ፣ በፊቷ ላይ የሚታየውን ግራ መጋባት ሲያይ ከት ብሎ ሳቀ፤ እንደዚህ ሲስቅ ከሰማችው ቆይታለች።

«የታል ደወሉ?» አለችው።

«የትም የለም። ገና ነው።»

«ካልተሠራ ደወል ነው ያስነሳኸኝ?» ወገቧን ይዛ ቆመች። ከዚያ ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠና ድምፅ ማጉያውን ጠጋ ብላ ዳሰሰችው፣ ውስጡ የሆነ ሰው እንዳለ። «ያልተሠራው እንዲህ ከጮኸ፣ የተሠራው ሊያደነቁረኝ ነው።»

ፊውዝ መሳቢያዎቹን አየ፤ መሬት ላይ የተፈታውን ገመድ አየ። «ጋሼ፣ ጋሪውስ?»

«ጋሪውን ተወውና ና ተቀመጥ» አለው ሬዲዮ ጠጋኙ። አራቱን ትራንዚስተሮች ከነክሮቻቸው ወደ ልጁ ገፋ አደረገላት። «አንተ ታያለህ። የምትበይደው እሷ ናት። ፊውዝ እንዳታቃጥልብን ብቻ።»

«እንዴት ነው፣ ለምሳ ይደርሳል?» አለች እናት በሩ ላይ ሆና።

ልጅቷ ከመሳቢያው ካውያውን አውጥታ የተጠቀለለውን ሽቦ መፍታት ጀመረች። መልሱን ያውቁ ስለነበር ሦስቱም ባንድ ላይ መለሱላት፦

«እየመጣ ነው!»